ድሬ ላይ ሰዓት ይዘገያል

ድሬዳዋ ላይ ሰዓት ከእንጦጦው ይዘገያል። ቀልድ አይደለም፤ ቀትር ላይ ሱቅ ዘግተን ስለምናርፍም አይደለም። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ። ዝቅ ባልን ቁጥር የምድር ስበት ውስጥ ጠለቅ እንላለን፤ እዚያ ሰዓት ቀስ ይላል። አንድ ሰከንድ ለቢሊዮን ቢከፈል፣ በቀን የሚመጣው ልዩነት 19ኙን ያህል ነው። 70 ዓመት ድሬ የኖረ ሰው እንጦጦ ከኖረ መንትያው በግማሽ ሚሊሰከንድ ገደማ በዕድሜ ያንሳል።

አንስታይን በቀመር የተናገረውን ይህን ነገር፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተመራማሪዎች አንዱን ሰዓት ከሌላው 33 ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ አድርገው ለክተውታል።

ይህን በርጫ ላይ ሳነሳ አንድ ወዳጄ «አቦ፣ ሰው በጤፍ ዋጋ ተጨንቆ አንተ ስለ ብላክ ሆል ታወራለህ?» አለኝ። ጥያቄው መልስ ይገባዋል።

ብላክ ሆል የድሬና የእንጦጦ ልዩነት ጥግ ሲደርስ ማለት ነው። እጅግ ብዙ ቁስ በጠባብ ቦታ ስለታጨቀ በአጠገቡ የሚያልፍ ብርሃን ይጎብጣል፤ ድንበሩን ያለፈ ብርሃን ደግሞ አይመለስም። ወደዚያ የሚወድቅ ሰው ከሩቅ ቢታይ፣ ድንበሩ ጋ ሲጠጋ እየዘገየ፣ ብርሃኑም እየቀላና እየደበዘዘ ይጠፋብናል። ሲያልፍ አናየውም። በራሱ ሰዓት ግን ምንም አልቆመም፤ አልፎ ሄዷል።

ይኸው ሕግ ኪሳችን ውስጥም አለ። ስልካችን ቦታችንን የሚያውቀው 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካሉ ሳተላይቶች ነው። የእነሱ ሰዓት በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይፈጥናል። ይህ ባይታረም ስህተቱ በቀን ከ10 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። ከዚራ ቆመን በካርታ የጠራነው መኪና ከከተማ ውጭ ይፈልገን ነበር ማለት ነው። ወዳጄ በየቀኑ የሚጠቀምበትን ነው «ምን ይረባናል» ያለኝ።

ሚያዝያ 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ዓለም የመጀመሪያውን የብላክ ሆል ምስል አየ። 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ክብደቱ ከፀሐይ 6.5 ቢሊዮን ጊዜ ይበልጣል። ምስሉን የሠሩት ከአሜሪካ እስከ ቺሊ፣ ከስፔን እስከ አንታርክቲካ የተበተኑ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ናቸው፤ ያስተባበራቸው የአቶሚክ ሰዓት ነው። በዚያ ሥራ ከአፍሪካ ምድር አንድም ቴሌስኮፕ አልነበረም። አሁን ናሚቢያ ላይ አንድ ለመትከል ታቅዷል።

እኛስ? እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። የሚያዩት ግን በዋናነት ለዓይን የሚታየውን ብርሃን ነው፤ ያኛው ምስል የተሠራው በሬዲዮ ሞገድ ነው። ከፍታ አላጣንም፤ ተራራ ሞልቶናል። የሚጎድለን ቴሌስኮፕ ከመትከላችን በፊት መሟላት ያለበት ነው፦ ሰዓት የሚለካ ሰው፣ ቁጥር የማይፈራ ተማሪ።

እኔ በተማርኩበት ክፍል የስበት ቀመር ተሸምድዶ ነው የታለፈው። የድሬ ልጅ ግን የሩቅ አገር ምሳሌ አያስፈልገውም። ወደ ሐረር ሲወጣ የደንገጎን ዳገት ያውቀዋል። መምህራን፣ እስቲ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከድሬ እስከ ደንገጎ ሰዓት በቀን ስንት እንደሚፈጥን አስሉአቸው። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ ጠመኔ ይበቃል።