ሰፌዱና ጎተራው

በመንዝ ደጋ ሴቶች የፈተሉትን የበግ ጠጉር ተቀብሎ ባናና በርኖስ የሚሠራ ሸማኔ «ኔትወርክ» ስለሚባለው ነገር ቢጠየቅ ቃሉን ላያውቀው ይችላል፤ ይሁን እንጂ ድር ሳይዘረጋ ማግ መወርወር እንደማይቻል አሳምሮ ያውቃል። «ድረ ገጽ» የተባለው አዲስ ቃልም ግማሽ አካሉ እርሱ በየዕለቱ የሚጠራው ድር ነው።

የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተጀመረው ሥራ በ1989 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ሆኖ ታትሟል፤ ኢንተርኔትም ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚያው ዓመት ነበር። ሆኖም በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ አንደበት ብዙዎቹ ባዕድ ቃላት እንዳሉ ቀሩ። ይህ በራሱ አያስከፋም፤ የሚያስከፋው ቃሉ ከቤት ገብቶ ትርጉሙ ከደጅ ሲቀር ነው።

ጉዳቱም የቋንቋ ብቻ አይደለም። በመሐል ሜዳ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ አንድ መምህር የተማሪዎቹን ሮስተር በኮምፒዩተር ሲሞላ ውሎ መብራት በድንገት ቢጠፋ፣ የቀኑ ድካም መትረፍ አለመትረፉ የሚወሰነው «ራም» እና «ዲስክ» በሚባሉት በሁለቱ ነገሮች ልዩነት ነው። ዲስክ ጎተራ ነው፤ መብራት ኖረም አልኖረም የተቀመጠበትን ይዞ ይቆያል። ራም ደግሞ ሰፌድ ነው፤ ገብሱ ከጎተራ ወጥቶ ወደ ወፍጮ ከመግባቱ በፊት የሚበጠርበት፣ ለእጅ የቀረበ የሥራ ቦታ። ወፍጮው ፕሮሰሰር የተባለው ነው። ኀይል ሲቋረጥ በሰፌዱ ላይ ያለው ሁሉ ይበተናል። «ሴቭ» ማድረግ ማለት እንግዲህ በሰፌድ ያለውን ቶሎ ቶሎ ወደ ጎተራ ማስገባት ማለት ነው። ሰፌዱ ሲጠብም ወፍጮው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ሥራው ይጓተታል። ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ከፍቶ ኮምፒዩተሩ የዘገየበት ሰው ሰፌዱን ማስፋት ሲገባው ትልቅ ጎተራ ገዝቶ ይመለሳል፤ ሻጩ በዚህ አያዝንም!

የመረቡም ነገር እንዲሁ ነው። ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የሚላክ ጽሑፍ በአንድ ጭነት አይሄድም። በብዙ አህዮች ተጭኖ ከመርሐቤቴ የጀማን ሸለቆ እንደሚሻገር እህል በትንንሽ ጥቅሎች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱም ጥቅል የተቀባዩን አድራሻና የራሱን ተራ ቁጥር ይይዛል። ራውተር በመንታ መንገድ ላይ ቆሞ አድራሻ እያየ አቅጣጫ የሚያመለክት መሣሪያ ነው። ከጥቅሎቹ አንዱ በመንገድ ቢቀር ጉድለቱ ታውቆ ያው ጥቅል ብቻ እንደገና ይላካል፤ አህያው ገደል የገባበት ነጋዴ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም።

ዋይፋይ የዚህ ረጅም ጉዞ የመጀመሪያ እርምጃ ብቻ ነው፤ ከኮምፒዩተሩ እስከ ራውተሩ ያለውን ጥቂት ሜትር ያለ ሽቦ ያገናኛል። ስለዚህ የዋይፋዩ ምልክት ደምቆ እየታየ ኢንተርኔት ሲጠፋ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ይህን የለየ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ጤነኛ ኮምፒዩተር ተሸክሞ ለጥገና እስከ ደብረ ብርሃን አይጓዝም፤ በዚያው በቢሮው ባለ ሌላ ኮምፒዩተር ይሞክራል፤ ያም እምቢ ካለ ስለ መስመሩ ያስታውቃል።