ኮብላዩ ቡና

ቡናን አውቃለሁ ብሎ የሚመካ ሰው በሀገራችን እጅግ ብዙ ነው፤ ከነዚያም አንዱ እኔ ነበርሁ። አባቴ በከፋ ጫካ ዳር ቡና ተካይ ናቸውና እኔ ፊደል ከመቍጠሬ አስቀድሜ የቡናን ቡቃያ ከአረም ለየሁ፤ በኋላም የእርሻ ትምህርት መምህር ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት አስተማርሁ። ስለዚህም ከቡና ወገን የሆነውን ዕፅ ሁሉ በጨለማ ዳብሼ እንኳ አውቀዋለሁ ብዬ በሰው ፊት እናገር ነበር። ይህ ትምክሕት በምን ምክንያት እንደ ተሰበረ ለመናገር ነው ዛሬ ብዕር ያነሣሁት። የተሰበረውም በሀገሬ ሳይሆን በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ባለች፥ ሮድሪግስ በምትባል ደሴት ነው። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መጻፌን አስቀድማችሁ ዕወቁልኝ።

ሮድሪግስ ከሞሪሸስ ወደ ምሥራቅ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ ስፋቷም 108 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች ትንሽ ደሴት ናት። የሞሪሸስ ግዛት ስትሆን ከ2002 ጀምሮ የውስጥ አስተዳደሯን ራሷ ትመራለች። ሕዝቧ ክሬዎል በሚባል ከፈረንሳይኛ በተወለደ ቋንቋ ይናገራል። እኔ ወደ ሞሪሸስ የሄድሁት ስለ እርሻ ትምህርት ለተደረገ ጉባኤ ነበር፤ ጉባኤው ሲፈጸም ግን ወደ ቤቴ በመመለስ ፈንታ፥ በሮድሪግስ የሀገሩን ዕፀዋት ችግኝ በሚያፈሉበት ቦታ ሁለት ሳምንት እየሠራሁ እንድቈይ ፈቃድ አገኘሁ። በዚያ የሚሠራውን ሽማግሌ ባለሙያ ስሙን አልጠራም። እኔ በሀገራችን በቀድሞው ልማድ «ሙሴ» እለው ነበር፤ እርሱም መምህር መሆኔን ሰምቶ ኖሮ ፈገግ እያለ «ፕሮፌሰር» ይለኝ ነበር።

ደሴቲቱ ሰው ሳይበዛባት ምን ትመስል እንደ ነበረ የነገረን ፍራንሷ ለጋ የተባለ ፈረንሳዊ ስደተኛ ነው። ይህ ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት ከሀገሩ ተሰዶ በ1691 ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር በሮድሪግስ ወርዶ ሁለት ዓመት ኖረ። በኋላም በጻፈው መጽሐፍ ግዙፋን ኤሊዎች ከመብዛታቸው የተነሣ፥ ሰው እግሩ መሬት ሳይነካ በጀርባቸው ላይ ከመቶ እርምጃ የበለጠ ሊሄድ ይችል እንደ ነበር ይናገራል። ከርሱ በኋላ በመጣው መቶ ዓመት መርከበኞች እነዚያን ኤሊዎች ለሥጋቸው በሺህ በሺህ እየጫኑ ስለ ወሰዱአቸው ዘራቸው ፈጽሞ ጠፋ። መብረር የማይችለው ሶሊቴር የተባለውም ወፍ እንዲሁ ጠፋ። በነርሱ ፈንታ ፍየልና ከብት ገባ፤ ደኑም ለማገዶና ለእርሻ ተቈረጠ። ፍየል በሀገራችን ተራራ ላይ የሚሠራውን ያየ ሰው፥ በደሴት ላይ የሚሠራውን ለመገመት አይቸገርም። የተራራ ዕፅ ወደ ገደል ይሸሻል፥ ከወንዝም ማዶ ዘሩን ይጥላል፤ የደሴት ዕፅ ግን ከዙሪያው ባሕር በቀር ማዶ የለውም።

ወደ ነገሬ ልግባ። በዚያች ደሴት ብቻ እንጂ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ ከቶ ያልበቀለ አንድ ዕፅ አለ። የዕፀዋት ሊቃውንት ራሞስማኒያ ሮድሪጌሲ ይሉታል፤ የደሴቲቱ ሰዎች ግን ካፌ ማሮን ብለው ይጠሩታል። እኛ የምንጠጣው ቡና አይደለም፤ ነገር ግን ከዚያው ከትልቁ የቡና ወገን የተወለደ የሥጋ ዘመድ ነው። አበባው ነጭ፥ አምስት ቅጠል ያለውና ኮከብ የሚመስል ነው፤ ባየሁት ጊዜ የሚያዝያ ዝናብ ከጣለ በኋላ የሚፈነዳው የአባቴ ቡና ትዝ አለኝ። ማሮን የሚለው ቃል ከጌታው ኮብልሎ ወደ ዱር ለገባ ባሪያ የተሰጠ ስም ነው። በሞሪሸስና በአካባቢዋ ደሴቶች ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ የመጡ ባሮች ከጌቶቻቸው እያመለጡ በተራራ ይሸሸጉ ነበር፤ የባርነት ሕግም በዚያ የተሻረው በ1835 ነው። ሰው ያልተከለው፥ በዱር ያለ ዕፅና እንስሳም ማሮን ይባላል። ኮብላዩ ቡና ብዬ የተረጐምሁት ስለዚህ ነው።

ይህን ዕፅ ለብዙ ዘመን ያየው ስላልነበረ ጠፍቶአል ተብሎ ተጽፎ ነበር። በ1980 ግድም ግን አንድ የትምህርት ቤት መምህር ስለ ደሴቲቱ ዕፀዋት ሲያስተምር የዚህን ዕፅ የጥንት ሥዕል ለልጆቹ አሳያቸው። ከተማሪዎቹም አንዱ «እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ ቅርንጫፉን ይዞ መጣ። ቅርንጫፉ ወደ ሊቃውንት ተልኮ ሲመረመር ነገሩ እውነት ሆነ። በመንገድ አጠገብ፥ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ስፍራ አንድ ዛፍ ቆሞ ነበር፤ ከርሱ በቀር ሌላ አልተገኘም። መምህር የሆናችሁ አንባቢዎች ሁሉ ይህን ልብ በሉ፤ ያን ቀን ልጁን «ዝም በል፥ አታውቅም» ያለው ቢኖር ኖሮ እኔ ዛሬ የምጽፈው ባልኖረኝ ነበር።

የተገኘ ነገር ደግሞ ሌላ መከራ አለበት። የሀገሩ ሰዎች የዚህ ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት ለስካር ማግስት ሕመምና ለአባለ ዘር በሽታ መድኃኒት ነው ይሉ ነበርና፥ ዛፉ እንደ ተገኘ ወሬው በተሰማ ጊዜ ቅርንጫፉን ሊሰብሩ መጡ። አጥር ተደረገለት፤ አጥሩን አልፈው ቈረጡ፤ ሌላ አጥር ተጨመረ። ሙሴ ይህን ሲነግረኝ ሣቅሁ፤ ወዲያው ግን ሣቄን ዋጥሁት። በሀገራችንም መድኃኒት ነው በመባሉ ብቻ ሥሩ እየተማሰ ያለቀ ዕፅ ስንት ነው!

በ1986 ከዛፉ የተቈረጡ ዘንጎች በአውሮፕላን ወደ ለንደን፥ ኪው ወደሚባለው የንጉሥ የዕፀዋት ቦታ ተላኩ። ከነርሱ አንዱ ብቻ ሥር ሰደደ። ከዚያ ከአንዱ ሌሎች እየተቈረጡ ተተከሉ፤ አደጉም፥ አበቡም። ደስታው ግን ሙሉ አልሆነም፤ አበባው ያብባል፥ ይረግፋል፥ ፍሬ ግን አይይዝም። እዚህ ላይ ስለ ቅርንጫፍ መትከል አንድ ነገር ልበል፤ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚሳሳቱበት ነውና። ከአንድ ዛፍ ተቈርጦ የጸደቀ ቅርንጫፍ የዛፉ ልጅ አይደለም፤ ያው ራሱ ዛፉ ነው። መቶ ቦታ ብትተክለው መቶ ዛፍ አገኘህ አይባልም፤ አንዱ ዛፍ በመቶ ስፍራ ቆመ ነው የሚባለው። አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ይገድላል፤ አንዱ መካን ከሆነ ሁሉም መካን ነው። የኛ ቡና በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ አበባው ራሱን በራሱ ስለሚያዳብር አንድ ዛፍ ብቻውን ቢቀር እንኳ ያፈራል። በ1706 ከጃቫ ወደ አምስተርዳም ከመጣው አንድ የቡና ተክል ዘር ብዙ የአሜሪካ እርሻ መሙላቱ ስለዚህ ነው። ኮብላዩ ዘመዱ ግን ይህ ጸጋ አልተሰጠውም።

ዐሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ሲያብብ ሲረግፍ ቈየ። በ2003 ካርሎስ ማግዳሌና የተባለ ስፓኛዊ፥ በኪው የሚሠራ አትክልተኛ፥ ከብዙ ሙከራ በኋላ የአበባውን ብናኝ የሚቀበለውን የሴቴውን ጫፍ በስለት ቈርጦ ብናኙን በቍስሉ ላይ አደረገበት፤ ከሙቀት አጠገብ የነበረውም ተክል ፍሬ ያዘ። ዘሩ ተዘርቶ በቀለ። ከጊዜ በኋላም ዘሩ ወደ ገዛ ሀገሩ ወደ ሮድሪግስ ተላከ። ማግዳሌና የዩኒቨርሲቲ ሊቅ አልነበረም፤ በእጁ የሚሠራ ሰው ነበር። ሊቃውንቱን ማቃለሌ አይደለም፤ ነገር ግን ዐሥራ ሰባት ዓመት «ይህ ዕፅ አያፈራም» የተባለውን ቃል ያልተቀበለው እርሱ ነው።

እነሆ፥ ከዚህ ዘር የበቀሉት ችግኞች ባሉበት ቦታ ነበር እኔ ሥራ የተሰጠኝ። ሥራውም አረም መንቀል ነው። በሦስተኛው ቀን ጧት ሙሴ የችግኙን መደቦች እያሳየ በክሬዎል ፈጥኖ ፈጥኖ ብዙ ነገር ነገረኝ። እኔ በትምህርት ቤት ከተማርሁት ፈረንሳይኛ ጋር እያመሳሰልሁ ግማሹን ያህል ሰማሁ፤ ግማሹን አልሰማሁም። ድገምልኝ ብለው ምን ነበረበት? ነገር ግን የቡና ልጅ ነኝ፥ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ፥ ስለዚህ እንደ ገባኝ ሆኜ ራሴን ነቀነቅሁ፤ እርሱም አምኖኝ ሄደ።

የቡና ችግኝ ቅጠል ምን እንደሚመስል ከናንተ የማያውቅ የለም፤ ሰፋ ያለ፥ አረንጓዴ፥ የሚያብረቀርቅ ነው። እኔም በመደቡ ላይ ይህን የሚመስለውን እያስቀረሁ ሌላውን እነቅል ጀመር። በአንድ ጥግ ግን ቀጭን፥ እንደ ሣር የረዘመ፥ መልኩ ቡናማና ዝንጕርጕር፥ መካከሉም ፈዛዛ ቀይ መስመር ያለበት፥ የደረቀና የታመመ የሚመስል ነገር በቅሎ አየሁ። «ይህን የመሰለ አስቀያሚ አረም እንዴት ሳይነቀል ቀረ?» ብዬ ሦስቱን ነቅዬ በቅርጫቴ ጣልሁ።

ሙሴ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ። መደቡን አየ፤ ከዚያ ቅርጫቱን አየ፤ አልጮኸም። ተንበርክኮ በቅርጫቱ ውስጥ እጁን እየሰደደ ይፈልግ ጀመር።

«ስንት ነቀልህ?» አለኝ።

«ሦስት» አልሁት። ምን እንዳደረግሁ ገና አልገባኝም ነበር፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ባየሁ ጊዜ ግን ገባኝ።

ካፌ ማሮን ሕፃን ሳለና ሲያድግ ሁለት መልክ አለው። በሕፃንነቱ ቅጠሉ እንዲያ ቀጭንና ቡናማ፥ ከደረቀ ቅጠል ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ከፍ ሲል ግን ሞላላና አረንጓዴ ቅጠል ያወጣል። ሊቃውንት ይህን የሚተረጕሙት በዚያው በጥንቱ ኤሊ ነው። ኤሊው አንገቱን ዘርግቶ የሚደርስበት ከፍታ እስኪያልፍ ድረስ ዕፁ የማይበላ መስሎ ይቈያል፤ ካለፈ በኋላ እውነተኛ መልኩን ይገልጣል። ኤሊው ከጠፋ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዕፁ ግን ይህን አልሰማም፤ እስከ ዛሬ ጠላቱን እየጠበቀ ይሸሸጋል። ለኤሊ የተሠራው ማታለያ መምህሩን አታለለው። ኤሊው እንኳ አይቶት ያልፍ ነበር፤ እኔ ግን ነቀልሁት።

ከሦስቱ ሁለቱ ሥራቸው በፀሐይ ደርቆ ነበር። ሦስተኛው በሌላ አረም እርጥብ አፈር ውስጥ ተሸፍኖ ስለ ቈየ ሙሴ አነሣው፤ በአነስተኛ ዕቃ ተከለው፥ የቅጠሉን ግማሽ በምላጭ ቈረጠ፥ ታቹ በተቈረጠ የውሃ ጠርሙስ ደፍቶበት በጥላ አኖረው። ከዚያም «ውሃ እንዳታበዛበት» ብቻ ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚህ የበለጠ ቍጣ ቢቈጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያን ቀን በኋላ ፕሮፌሰር የሚለው ስም ቀረ። ሠራተኞቹ ሁሉ «ቶርቲ» ይሉኝ ጀመር፤ በክሬዎል ኤሊ ማለት ነው። ስሙ ተገባኝ። በቀሩት ቀናት ያልገባኝን ቃል ሁሉ ሦስት ጊዜም ቢሆን እያስደገምሁ ጠየቅሁ፤ ጧትና ማታም ወደዚያ ጠርሙስ እሄድ ነበር። በአምስተኛው ቀን የቀሩት ቅጠሎች ረገፉ። ሙሴ ግንዱን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ ከውስጥ አረንጓዴ መሆኑን አሳየኝ። እኔ ከደሴቲቱ እስክወጣ ድረስ ከዚያ አረንጓዴ በቀር ምንም አልታየበትም።

ወደ ሀገሬ ከተመለስሁ ወዲህ ስለ ገዛ ቡናችን ያለኝ ሐሳብ እንደ ቀድሞው አይደለም። የኪው ሊቃውንት በ2019 ባወጡት ጥናት፥ በዓለም ከታወቁት 124 የቡና ዐይነቶች ከመቶው 60 ያህሉ የመጥፋት አደጋ አለባቸው፤ በኛ ጫካ የሚበቅለውም የዱር ቡና በዚሁ መዝገብ ከተጻፉት አንዱ ነው። ይህን ቀድሞም አንብቤው ነበር፥ ለተማሪዎቼም አስተምሬው ነበር፤ ነገር ግን ማንበብ ሌላ፥ የመጨረሻውን ዘር በገዛ እጅ ነቅሎ ማየት ሌላ ነው። ዛሬ በአባቴ ጫካ ዳር ሳልፍ የማላውቀውን ቡቃያ አልነቅልም። በዚህም አባቴ ሰነፍ ሆንህ እያሉ ይወቅሱኛል።

ከስምንት ወር በኋላ ከሙሴ ፎቶግራፍ ደረሰኝ። በአንዲት ትንሽ ዕቃ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን፥ ቡናማ ቅጠሎች ወጥተው ይታያሉ፤ በላዩም በተሰካው ምልክት «ቶርቲ» ተብሎ ተጽፎአል። ደስታዬን መሸሸግ አልቻልሁም፤ ወዲያው ወደ አባቴ ይዤው ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ይህ ምንድን ነው ልጄ?»

«የቡና ዘመድ ነው አባቴ፤ ከባሕር ማዶ።»

ፎቶግራፉን መልሰው ሰጡኝና «የለም፥ ይህስ አረም ነው» አሉ።