ባለ አንድ ዓይኑ ታንታን

እምዬ ቤት ቤልጅግ ማለት ጠመንጃ ነበር። አባቷ በጣልያን ጊዜ ዘምተውበታል፤ ብረቱ ባይተርፍ ወሬው ተርፏል። ምንሽር፣ ለበን፣ ውጅግራ እያለች ስትቆጥር ድምጿ ለስለስ ብሎ ይሄድና ቤልጅግ ላይ ስትደርስ አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ቤልጅግ አገርም መሆኑን የሰማሁት አራተኛ ክፍል ስገባ ነው። መምህራችን ካርታው ላይ በአርጩሜ ጫፍ ነክተው ሲያሳዩን አርጩሜው አገሩን ሸፈነው። እንዲህች ያለች ሚጢጢ አገር ያን ሁሉ ጠመንጃ የት አስቀመጠችው?

መልሱን ሳላገኝ እዚችው አገር መኖር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ያመጣኝ እንጀራ ነው። ከእንጀራው በፊት ግን ልቤን ይዞት የመጣ አንድ ልጅ አለ፤ ግንባሩ ላይ ጸጉሩ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ነጭ ውሻ የሚከተለው፣ ጋዜጠኛ ነኝ እያለ አንድ ቀን እንኳ ጽሑፍ ሲያስረክብ ያላየሁት። እንግሊዝኛ የቀደመው ቲንቲን ይለዋል። እኛ ድሬዎች ግን ባቡር ጣቢያውን "ላ ጋር" ሲሉት ሰምተን "ለገሀር" ያልን ሰዎች ነንና ታንታን ነው የምንለው።

ባለፈው መጋቢት ልጄን ይዤ የፈጣሪውን የሠዓሊ ኤርዤን ሙዚየም ለማየት ሄድኩ። "ይዤ" ማለቴ ለወጉ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት የሞላትን ልጅ ማንም ይዞ አይሄድም። "አባዬ፣ በቃ አንዴ እንሂድና ይውጣልህ" ብላ ያወጣችኝ እሷ ናት።

ሙዚየሙ ያለው ከብራስልስ ወጣ ብላ ሉቫን ላ ኑቭ በምትባል ከተማ ነው። "አዲሲቱ ሉቫን" ማለት ነው፤ አሮጌይቱ ሌላ ቦታ አለች። ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥራውና፣ በ1968 በአሮጌይቱ ሉቫን ዩኒቨርሲቲ ፍላማንኛ ተናጋሪውና ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ተጣሉ። በጠቡ መንግሥት ወደቀ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለሁለት ተከፈለ። ፈረንሳይኛው ወገን ማሳ ላይ ከባዶ ከተማ ሊሠራ ተነሣና በ1971 የመሠረት ድንጋይ ጣለ። የቤተ መጻሕፍቱን ንብረት ሲካፈሉ፣ የመደርደሪያ ቁጥሩ ሙሉ የሆነው መጽሐፍ ለአንዱ፣ ጎደሎው ለሌላው ደረሰ ይባላል። ባቡር ውስጥ ይህን ስነግራት ልጄ ሳቀች።

"ለቋንቋ ብለው?"

"ለቋንቋ ብለው" አልኳት። የባሰም እንደማውቅ አልነገርኳትም።

ሙዚየሙ ከጣቢያው ቅርብ ነው። በ2009 ተከፈተ፤ የነደፈው ፈረንሳዊው አርክቴክት ክርስቲያን ደ ፖርዛምፓርክ ነው። ዛፎች መሃል መልሕቁን የጣለ መርከብ ይመስላል፤ የሚገባበትም በእንጨት ድልድይ ነው። አድራሻው ላብራዶር መንገድ ቁጥር 26 ይላል። የታንታንን መጻሕፍት ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል፤ ታንታን ጓደኛው ካፒቴን ሃዶክ ዘንድ ከመግባቱ በፊት ተከራይቶ የኖረበት ቤት ቁጥር ነውና። ልቦለዱ ውስጥ ብቻ የነበረውን መንገድ አምጥተው እውነተኛ ከተማ ላይ ዘረጉት። እኔ አዲስ አበባ ስኖር የነበረኝ አድራሻ "ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት" የሚል ነበር። ላልነበረ ሰው የቤት ቁጥር የሚሰጥ አገር ቢገርመኝ አይፈረድብኝም።

የመጀመሪያው ታንታኔ ሽፋንም መጨረሻም አልነበረውም። አጎቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ከጅቡቲ ሲመለስ ሳሙናና ሽቶ በታጨቀበት ካርቶን ሥር ተነጥፎ አገኘሁት። ፈረንሳይኛ አልችልም። አጎቴ ይችላል ይባል ነበር፤ ነገር ግን ፈረንሳይኛው ከባቡር ወርዶ አያውቅም። ልጁ ባሕር መሃል በሬሳ ሣጥን እየተንሳፈፈ ይጮኻል። "ጋሼ፣ ምን እያለ ነው?" ስለው ገጹን አተኩሮ ያየና "ባቡሩ ዘግይቷል ነው የሚለው" አለኝ። አመንኩት። ውሻውን ቡቺ አልነው። መንትያ የሚመስሉትን ሁለት ባለ ቆብ ፖሊሶች ደግሞ በሰፈራችን ሁለት የቀበሌ ዘቦች ስም ጠራናቸው። የጎደለውን መጨረሻ በየሳምንቱ አዲስ እየፈጠርኩ ለሰፈር ልጆች በአንድ ከረሜላ ሸጥኩ።

ችግሩ የመጣው ከእምዬ ነው። አንድ ቀን መጽሐፉን ተቀብላኝ ታንታን ሲሮጥ የሚታይበትን ሥዕል አየችና ፊቷ ተለወጠ።

"ይሄ አንድ ዓይን ነው ያለው!"

"እየሮጠ ስለሆነ ነው እምዬ፣ በጎኑ ነው።"

"በጎኑማ የሚሳለው ሰይጣን ነው።"

እውነቷን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይን ነው የሚያየን። ሰይጣንና ሰማዕት አሳዳጅ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላሉ፤ ከክፉ ጋር ዓይን ለዓይን አይገጠምም። የዐድዋ ጦርነት ሥዕል ላይም የእኛ ሰው ባለ ሁለት፣ ጣልያኑ ባለ አንድ ዓይን ነው። ተሯሩጬ ታንታን ፊቱን ያዞረበትን ገጽ አገኘሁና አሳየኋት። የኤርዤ ልጅ ዓይኖች ሁለት ነጥቦች ናቸው። እምዬ አጠገቧ አምጥታ አየቻቸው።

"ይሄማ ዓይን አይደለም፣ ቁንጫ ነው" ብላ መለሰችልኝ።

ሙዚየሙ ውስጥ ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ነው፤ አሮጌ ወረቀት ፀሐይ አይወድም። ዦርዥ ረሚ በ1907 ብራስልስ ውስጥ ኤተርቤክ ተወለደ። የስሙን ሁለት መነሻ ፊደላት ገልብጦ በፈረንሳይኛ ሲጠራቸው ኤርዤ ሆነ። በ1926 ለስካውቶች መጽሔት ቶቶር የሚባል ባለ ታሪክ ሲስል ጽሑፉ ከየሥዕሉ ሥር ነበር የሚቀመጠው። ጃንዋሪ 10 ቀን 1929 ታንታን የልጆች ጋዜጣ ላይ ብቅ ሲል ግን ንግግሩ ከሥር ተነቅሎ ከአፍ እንደሚወጣ እስትንፋስ በክብ ውስጥ ተንጠለጠለ። ዘዴው አሜሪካ ውስጥ የቆየ ነበር፤ ፈረንሳዊው አለን ሰንቶጋንም ቀድሞታል። በፈረንሳይኛ እንዲለመድ ካደረጉት ግን ዋናው ኤርዤ ነው።

ዋናዎቹ ገጾች ፊት ስቆም ዓይኔ ከታሪኩ ይልቅ መስመሩ ላይ ቀረ። ጥቁር መስመር፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ያለው። ጥላ የለም። ቀይ ቀይ ነው፣ ሰማያዊ ሰማያዊ ነው፤ ቀለም ከቀለም አይንሸራተትም። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ዮስት ስዋርተ በ1977 ለዚህ አሣሣል "ጥርት ያለ መስመር" የሚል ስም አወጣለት። ገጹን ሳየው የት እንደማውቀው ትዝ አለኝ።

ለገሀር አጠገብ አንድ ቡና ቤት ነበር። አጎቴ ባቡር እስኪገባ እዚያ ለስላሳ እየጠጣሁ እጠብቀዋለሁ። ግድግዳው ላይ በሸራ የተሳለ የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ተሰቅሏል፤ አርባ አራት ትንንሽ አራት ማዕዘን፣ ከየአንዳንዱ በላይ አንድ መስመር አማርኛ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ዘንዶው ይገደላል፣ ንግሥቲቱ ትጓዛለች፣ ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ግብር ያበላታል፣ ሌሊት ውኃ ይጠማታል። እዚያ ስደርስ አጎቴ ይመጣና ሳልጨርስ ያስነሣኛል፤ ምኒልክን ለማስወለድ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ጥቁር መስመር፣ ጥላ የሌለው ቀለም፣ በሳጥን የተከፈለ ጊዜ። ኤርዤ የእኛን ሠዓሊ አላየም፣ የእኛም እሱን አላየም፤ ማንም ከማንም አልኮረጀም። የኮረጅኩት እኔ ነኝ። ከጅቡቲ ካርቶን የወጣውን መጽሐፍ ያለ አስተማሪ ያነበብኩት ቡና ቤቱ አስቀድሞ ማንበብ ስላስተማረኝ ነው። ኮሚክስ ፈረንጅ የሰጠኝ ስጦታ ይመስለኝ ነበር። መጽሐፉ ነው እንጂ ዓይኑስ የቤቴ ነው።

ያ ሽፋን አልባ መጽሐፍ የፈርዖን ሲጋራዎች እንደሚባል ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ታንታን ቀይ ባሕር ላይ በሬሳ ሣጥን ሲንሳፈፍ አንዲት ጀልባ ታነሣዋለች፤ የጀልባዋ ሆድ ጠመንጃ የተሞላ ነው። ለጀልባዋ ካፒቴን አርአያ የሆነው ሰው ስሙ ሲነገረኝ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፤ ሄንሪ ደ ሞንፍሬ። በ1911 ጅቡቲ የገባ፣ በቡናና በቆዳ ንግድ ጀምሮ በጠመንጃና በሐሺሽ የቀጠለ ፈረንሳዊ ነው። ባጠራቀመው ገንዘብ ወፍጮና የመብራት ጣቢያ የሠራው የት ቢሆን ጥሩ ነው? ድሬዳዋ! እኔ የሩቅ አገር ጀብዱ ብዬ በከረሜላ የሸጥኩት ታሪክ ውስጥ ካፒቴኑ የሰፈሬ ሰው ነበር። ጀልባው ካራገፈው ጠመንጃ መሃል ቤልጅግ ይኖርበት እንደሆን እምዬን ልጠይቃት በተመኘሁ።

ሰውየው በ1933 በንጉሡ ትእዛዝ ከአገር ተባረረ፤ ጣልያን ሲገባ ከጣልያን ጎን ሆኖ ተመለሰ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ታንታን የተወለደበትን ጋዜጣ ይመሩ የነበሩት አባ ኖርበር ቫሌዝም ቢሮአቸው ውስጥ የሙሶሊኒን ፎቶግራፍ ከነፊርማው ያስቀመጡ ሰው ነበሩ። የእምዬ አባት ቤልጅግ ይዘው የዘመቱበት ሰው፣ የልጅነቴን ጓደኛ ያዋለዱት ቄስ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ያይ ነበር ማለት ነው።

የታንታን የኮንጎ ታሪክ የሚታይበት ቦታ ስንደርስ ልጄ ዝም አለች። እኔ ቀድሜ መናገር ጀመርኩ፤ ጥፋት ያለበት ሰው እንዲህ ነው።

"ጊዜው 1930 ነበር። ኤርዤ ልጅ ነበር። ኮንጎንም ረግጦ አያውቅም።"

"አባዬ፣ አውቃለሁ። ትምህርት ቤት ተምረነዋል።" ከዚያ በሁለት ጣቷ እየቆጠረች፣ "መጀመሪያ ላይ ታንታን ለኮንጎ ልጆች 'አገራችሁ ቤልጅግ' እያለ ነው የሚያስተምራቸው። በ1946 በቀለም ሲያወጣው ያንን አወጣና በሂሳብ ተካው። ሁለት ሲደመር ሁለት። ልጆቹ ግን እዚያም አይመልሱም።"

ይህን እኔም አውቀው ነበር። ግን "አሻሻለው" በሚለው ቃል ጠቅልዬ ነበር የማስቀምጠው። እሷ ከፈታችው በኋላ መልሼ ልጠቀልለው አልቻልኩም። ኤርዤ ራሱ በኋላ ሲጠየቅ፣ ያደገበት ኅብረተሰብ የሚያስበውን እንደሳለ ተናግሯል። ልክ ነው። ልጅ የቤቱን ግድግዳ ነው የሚያነበው፤ የእሱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሌላ ነበር።

ቀጥሎ ሻንጋይ ነው። በ1934 ኤርዤ ወደ ቻይና ታሪክ ሊገባ ሲል ዣንግ ቾንግረን ከሚባል፣ ብራስልስ ሥነ ጥበብ ከሚማር ቻይናዊ ወጣት ጋር አስተዋወቁት። ዣንግ አገሩን አስረዳው፣ የቻይንኛ ጽሑፎቹን በእጁ ጻፈለት። ሰማያዊው ሎተስ ከዚያ ወጣ፤ የጃፓንን ወረራ የሚኮንን፣ ፈረንጅ በቻይናዊ ላይ ያለውን ንቀት የሚያፌዝበት መጽሐፍ። አንድ ጓደኛ ነው የጎደለው ማለት ነው። ለኮንጎ ግን ማንም ጓደኛ አላስተዋወቀውም። ዣንግ አገሩ ተመልሶ ጠፋ። ኤርዤ በ1960 በመጽሐፍ የወጣውን ታንታን በቲቤትን ሲስል ታንታን በበረዶ የሚፈልገው የጠፋ ጓደኛ ስሙ ቻንግ ነው፤ ያው ዣንግ ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች በ1981 ብራስልስ ላይ ተገናኙ፤ ኤርዤ በ1983 ሞተ።

በመሃሉ ደግሞ ሌላ ዕዳ አለ። ጀርመን አገሩን ሲይዝ፣ ወራሪው በሚቆጣጠረው ጋዜጣ ላይ ሥዕሉን ቀጠለ። ነፃነት ሲመጣ ታሰረ፣ ለሁለት ዓመት ያህልም ሥራ ተከለከለ።

ስንወጣ ልጄ፣ "ታዲያ ጥሩ ሰው ነው መጥፎ?" አለችኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእ አለ፤ ሰባ ስምንት ሰው የበላ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው አንድ ጥሙ ለጸናበት ሰው እፍኝ ውኃ የሰጠ። ሚዛን ላይ ሲቀመጥ እመቤታችን ጥላዋን በእፍኟ ውኃ ላይ ጣለችና ሚዛኑ ደፋ። ይህን ነገርኳት። አሰበችበት።

"እና ውኃው ያንተ ካርቶን ነው?"

"የእኔ ካርቶን ነው። የኮንጎ ሰው ግን ሌላ ሚዛን ሊይዝ ይችላል።"

"እምዬስ ምን ትል ነበር?"

ከመደብሩ አንዲት ፖስት ካርድ ገዝታ ነበር፤ ታንታን በጎኑ እየሮጠ፣ ቡቺ ከኋላው። ባቡር ውስጥ አወጣችው። አንድ ነጥብ ዓይን።

"ሌላኛው በወዲያ በኩል ነው" አልኳት።

ልጄ ካርዱን ገልብጣ አየች። ለአድራሻ የተሰመሩ ባዶ መስመሮች ብቻ ነበሩ።