ጠቅታው

ጅቡቲ ውስጥ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ማሳበቢያ አይጠፋም። ከተማዋ ከባሕር በታች የሚዘረጉ ኬብሎች መገናኛ ናት፤ የኢትዮጵያ ኢንተርኔት ወደ ዓለም ከሚወጣባቸው በሮችም አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ ሲኮም፣ ኤኤኢ-1 እና ኢአይጂ የተባሉት ኬብሎች ሲበጠሱ፣ ሩቢማር የምትባል በሚሳይል የተመታች መርከብ መልህቋን እየጎተተች ቆርጣቸዋለች ተባለ። ከዚያ ወዲህ ጋቦዴ ባለው ቤታችን ዋይፋይ በጠፋ ቁጥር «ኬብሉ ነው» እል ነበር። የመርከቧ ወሬ ከበረደ በኋላም አልተውኩም።

ራውተራችን ያለው ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ነው። በላዩ ላይ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አስቀምጬ በዩኤስቢ ሰክቼበት ነበር። መቼም ሲሠራ ደስ ይላል፤ ልጆቹ ፊልሙን በቴሌቪዥን ያዩታል፣ ባለቤቴ የስልኳን ፎቶዎች ትገለብጥበታለች፣ ፍላሽ ይዞ ከክፍል ክፍል መዞር ቀረ። ግን ዲስኩ ላይ ከፊልሙ ሌላ የልጆቹ ክርስትና ነበረ፤ የአባቴ ተዝካር ነበረ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አባቴ በሕይወት ሳለ ስለ ድሬዳዋው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ያወራልኝ ረጅም ቅጂ ነበረ። ይህ ሁሉ ሌላ የትም ቦታ አልነበረም።

ማታ ልጆቹ ፊልም ሲከፍቱ ባለቤቴ ከእናቷ ጋር የጀመረችው የቪዲዮ ጥሪ ደርቆ ይቀራል። አንዳንዴ የራውተሩ መብራቶች በሙሉ ይጠፉና እንደገና ይነሳል። ዲስኩም ከዝርዝሩ ይሰወርና ይመለሳል፤ ከመሰወሩ በፊት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ድምፁን ሰምቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በሰማሁት ቁጥር ሪሞቱን አንስቼ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደርግ ነበር። ጥፋቱ የባሕሩ ኬብል ከሆነ የእኔ ዲስክ ጤነኛ ነዋ! ሩቁን መውቀስ የሚያስወድድ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ በቅርብ ያለውን ከመመርመር ያድናል።

የሚገርመው መተዳደሪያዬ ትራንዚት መሆኑ ነው። ወደብ ላይ ኮንቴይነር ሲያዝብን ወረቀቱን በየተራ እናያለን እንጂ ሁሉንም በአንዴ አንነካካም። ቤቴ ስገባ ግን ሁሉን ነቅዬ ሁሉን እሰካለሁ፤ ለአንድ ሰዓት ይሠራል፣ በምን እንደተስተካከለም አላውቅም።

የኋላ ኋላ ስልክና ኮምፒውተር ለሚጠግን አንድ የድሬ ልጅ ነገርኩት። ሱቆች የቀኑን ሙቀት ዘግተው አሳልፈው ማምሻውን ሲከፍቱ ጠብቄ ነው የሄድኩት። የድሬ ልጅ አንቱታ አያበዛም። «አቦ ጋሼ፣ ራውተሩን ተወው» አለኝ። «ዲስኩን ብቻ ንቀል። ሌላ ምንም እንዳትነካ። ጠቅ ይላል ያልከው ግን ደስ አላለኝም፤ ከሁሉ በፊት ቅዳው።»

የዚያን ዕለት ሌሊት ዲስኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ፣ ቬንትሌተር አዙሬበት፣ ከፊልሙ በፊት የአባቴን ፋይል ቀዳሁ። መቶኛው ሲቆጥር ዓይኔን አልነቀልኩም። መሐል ላይ ቆመ፤ ጠቅ አለ፤ ቀጠለ። ከክርስትናው ቪዲዮ መጨረሻው አልተነበበም። የቀረው ተረፈ።

ዲስኩ ሲነቀል ዋይፋዩ ሰላም ሆነ። መልሼ ስሰካው ደግሞ ልጁ ባዘዘኝ መሠረት ላፕቶፑን በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር አያይዤ ፊልም አስከፈትኩ። በኬብል ያለው ኢንተርኔት ይሠራል፣ ስልኬ ላይ ዋይፋዩ ሞቷል። ያኔ የባሕሩ ኬብልም መስመሩም ነጻ ወጡ። ችግሩ አየር ላይ፣ ያውም ከራውተሩ አጠገብ ነበር። ዩኤስቢ 3 መረጃ ሲያመላልስ የሚረጨው የሬዲዮ ጩኸት ዋይፋይ የሚጠቀምበትን 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይረብሻል፤ ኢንቴል በ2012 ጽፎበታል። እኔ ደግሞ ዲስኩን ከነአጭር ገመዱ አንቴናው ሥር አስተኝቼዋለሁ።

የራውተሩ መጥፋትና መነሳት ግን ሌላ በሽታ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ስለመጡ ነው አንድ የመሰሉኝ። የዩኤስቢ 2 ወደብ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ነው። ተሽከርካሪ ዲስክ ሞተሩን ሲያስነሳ አንድ አምፔር ሊጠጋ ይችላል። ያረጀው የራውተሬ ቻርጀር ሁለቱን መሸከም ሲያቅተው ራውተሩ ራሱን ስቶ ይነሳል፣ ዲስኩም መሐል መንገድ ላይ ኃይል ያጣል። ጠቅታው ከዚህ ሊመጣ ይችላል፤ ከዲስኩ እርጅናም ሊመጣ ይችላል፤ የእኔ ከሁለቱም ነበር።

በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች እንዲሠሩበት የተመደበላቸው የክፍል ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ሐምሌ ላይ ካምሲን የሚባለው ሞቃት ነፋስ ሲነፍስ እዚህ ከ40 በላይ ይሆናል፤ መብራት ከሄደ ኤሲም ሄደ። ከሥር የሚግል ራውተር፣ ከላይ የሚግል ዲስክ። ድሬዳዋ ላለችው እህቴ ይህን ስነግራት «ምጣድ ላይ ነው እንዴ የጣድከው?» አለችኝ።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም። የራሱ ቻርጀር ያለው የዩኤስቢ ሃብ ገዛሁ፤ የራውተሩንም ቻርጀር፣ ቮልቱን ከበፊቱ ጋር አመሳክሬ በአዲስ ቀየርኩ። ዲስኩ ረዘም ባለ፣ ሽፋኑ ጥሩ በሆነ ገመድ ከራውተሩ ርቆ ነፋሻ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ የዩኤስቢውን ወደብ በዩኤስቢ 2 ፍጥነት እንዲሠራ አደረግኩት፤ ለፊልም ይበቃል። ስልኮቹና ቴሌቪዥኑ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ተዛወሩ። እያንዳንዱን ለየብቻ ነው የቀየርኩት፤ በመካከሉ አንድ ማታ እያሳለፍኩ። ባለቤቴ «ዛሬስ ምን ነካህ?» ትለኛለች፣ እኔም አንዷን ብቻ እነግራታለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ።

አሮጌው ዲስክ አሁን ፊልም ብቻ ነው የሚይዘው፤ ቢሞትም አይለቀስለትም። የአባቴ ቅጂ አንዱ ላፕቶፔ ላይ ነው፣ አንዱ ከምንም ጋር ሳይሰካ መሳቢያ ውስጥ በተቀመጠ አዲስ ዲስክ ላይ። ሦስተኛውን እህቴ ልትጠይቀን በመጣችበት ጊዜ ሰጠኋትና ከነጋድ ጣቢያ በባቡር ይዛው ተመለሰች። ድሬዳዋም ይሞቃል፤ ከእኛ ግን ይሻላል።