ከዘነበወርቅ የሚነሳ የጥርስ ቀጠሮ

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና ስትሄዱ ዘነበወርቅን ታገኛላችሁ። የታክሲ ረዳቶች ስሙን ቀኑን ሙሉ ይጠሩታል፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ የልዕልት ዘነበወርቅ ስም መሆኑን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ሰፈሩ ስሙን የወረሰው በልዕልቷ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል እዚያው ተቋቋመ፤ ዛሬ ሁላችንም አለርት የምንለው።

እኔ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ሰፈር ነው፤ በነርስነትም ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከወጣትነቴ የማልረሳው ሰዎች እጃቸውን የሚደብቁበትን መንገድ ነው። ጣታቸው የታጠፈ እናቶች መልስ ሲቀበሉ እንኳ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍኑ ነበር። ስለዚህ የአሥራ ሦስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ስትጀምር ነገሩ ቶሎ ገባኝ።

የላይኛው ፊት ጥርሶቿ ወደ ውጭ ወጥተዋል፤ ክራንቻዎቿም ቦታ አጥተው ከላይ ተደርበው ነው የበቀሉት። እናቷ «ብሬስ እናስደርግላት» ስትል መጀመሪያ የተቃወምኩት እኔ ነኝ። «ጥርስ ለማኘክ ነው፤ ደግሞስ ፍንጭት ውበት አይደለም እንዴ?» አልኩ። ስለ ፍንጭት ዛሬም አሳቤን አልቀየርኩም፤ ሐኪም ችግር ካላየበት ክፍተት ሁሉ መዘጋት የለበትም። የልጅቷ ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። የተደራረበው ጥርስ መሐል ብሩሽ በደንብ አይገባም፤ ድዷም ይደማ ነበር። ወደ ፊት የወጣ ጥርስ ደግሞ ልጅ ሲወድቅ ቶሎ ይሰበራል።

ቀጠሯችን ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ከዘነበወርቅ በታክሲ ጦር ኃይሎች እንደርሳለን፤ ከዚያ በቀላል ባቡሩ እንሄዳለን። ጦር ኃይሎች የመስመሩ መነሻ ስለሆነ አንዳንዴ መቀመጫ ይገኛል።

በመጀመሪያው ቀን ብሬስ ይታሰራል ብላችሁ አትጠብቁ። ሐኪሟ ራጅ አስነሳች፤ የጥርሷን ልክ ወሰደች፤ የተቦረቦረ ጥርስ መጀመሪያ ይታከም አለች። ከዚያ ጠየቀችን፦ «የወተት መንጋጋዎቿ ቀድመው ተነቅለዋል?» አዎ፤ ተቦርቡረው ነበር፤ «የወተት ጥርስ ነው፤ ለማንኛውም ይወልቃል» ብለን አስነቅለናቸዋል። ለካ የወተት ጥርስ ለሚተካው ቦታ ጠባቂ ነው። ያለጊዜው ሲነቀል ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ፤ ኋላ የሚመጣው ጥርስ መግቢያ ያጣል።

እዚህ ላይ ለአያቶች አንድ ቃል አለኝ። ሕፃን ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ብሎ ድዱን ማስቧጨር አደገኛ ነው። ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን ያመጣል፤ ከድዱ ሥር ያለውን የጥርስ ፍሬ አበላሽቶ ክራንቻውን ጭራሽ ሊያስቀር ይችላል። ከአራት ዓመት በኋላም ጣቱን የሚጠባ ልጅ ካለ በፍቅር አስተዉት፤ የፊት ጥርስን ወደ ውጭ ይገፋል። ልጅ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ ጊዜ በጥርስ ሐኪም ማሳየት ጥሩ ነው። ያኔ ብሬስ ያስፈልገዋል ማለት ሳይሆን፣ ጥርሱ እንዴት እየመጣ እንደሆነ ይታያል።

በሦስተኛው ቀጠሮ ታሰረላት። እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ትንሽ ብረት በማጣበቂያ ይለጠፋል፤ በብረቶቹ ላይ ቀጭን ሽቦ ያልፋል። ሲለጠፍ አያምም፤ የሚያመው ማታ ነው። ለሦስት፣ ለአራት ቀን ጥርሷን አቁነጠነጣት፤ ሽሮ በእንጀራ፣ ገንፎና አጥሚት አበላኋት። ጉንጯን ብረቱ ሲልጣት በሞቀ የጨው ውኃ ተጉመጠመጠች፤ ሐኪሟ የሰጠቻትን ሰም በብረቱ ላይ ለጠፈች። በሳምንቱ ለመደችው።

ከዚያ ጥፋት የመጣው ከእኔ ነው። አንድ እሑድ ቡና አፍልቼ ቆሎ አቀረብኩ፤ «ጥቂት ብትቀምሺ ምን ይልሻል» አልኳት። ቋ አለ። አንዱ ብረት ተነቀለ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ አጥንት መጋጥ፣ ማስቲካ ለጊዜው የተከለከሉ ናቸው፤ ሐኪሟ ነግራኝ ነበር፤ ረሳሁት። የተነቀለ ብረት ተጨማሪ ቀጠሮ፣ አንዳንዴም ተጨማሪ ክፍያ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጠይቁ፦ ጠቅላላው ዋጋ የየወሩን ቀጠሮ፣ የሚነቀለውን ብረትና በመጨረሻ የሚደረገውን መያዣ ያካትታል ወይ?

በስምንተኛው ወር ልጅቷ ሰለቻት። ትምህርት ቤት «ሽቦ» ይሏታል። ከላይ ወደ ታች የምታያይዛቸውን ትንንሽ ላስቲኮች ከምግብና ከጥርስ መቦረሽ በቀር ቀኑን ሙሉ ማድረግ ነበረባት፤ እሷ ግን የምታደርጋቸው ከቀጠሮው በፊት ባለው ምሽት ብቻ ነበር። ሐኪሟ አይታ አወቀች፤ «ባለፈው ወር ጥርስሽ አልሄደም» አለቻት። ባቡር ላይ «እማዬ፣ ይውለቅልኝ» ብላ አለቀሰች።

እኔም የጀሶውን ነገር ነገርኳት። የሥጋ ደዌ ያጠፈውን ደረቅ ጣት ባለሙያዎች በአንድ ቀን ጎትተው አያቃኑትም፤ ቆዳው ይቀደዳል። ሊቃና እስከሚችልበት ድረስ በቀስታ ዘርግተው በጀሶ ይጠቀልሉታል። ከቀናት በኋላ ፈትተው ትንሽ ይጨምሩና እንደገና ይጠቀልሉታል። ጀሶውን ቤቱ የሚፈታ ታማሚ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጥርስም እንደዚያው ነው። ቀላል ግፊት ሲቆይበት በአንድ ወገን ያለው አጥንት ይሟሟል፣ በሌላው ወገን አዲስ ይሠራል። በወር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ግፊቱ ቀንና ሌሊት ካልቆየ ግን አይሄድም።

«ስንት ጊዜ ነው የሚጠቀልሉት?» አለችኝ።

«ጣቱ እስኪቃና።»

ምንም አላለችም። ዘነበወርቅ ስንወርድ ግን ላስቲኮቹን ከቦርሳዋ አውጥታ አደረገች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ጥርሷ ሄዶ ነበር።

ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ እንደ ጥርሱ ሁኔታ ከዚያም ይረዝማል። ሐኪሟ ሽቦውን የምታጠብቀው በአራት ወይም በስድስት ሳምንት አንዴ፣ ለግማሽ ሰዓት ነው፤ ሌላው ቀን ሁሉ የእኛ ነው። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ካልተቦረሸ ብረቱ ሲነሳ በዙሪያው ነጭ ነጠብጣብ ይቀራል። ብረቱ ከተነሳ በኋላ ደግሞ መያዣው፣ ሪቴይነር የሚሉት፣ አለ። ጥርስ ወደ ድሮው ቦታው መመለስ ይወዳል፤ መያዣውን የተወ ልጅ የሁለት ዓመት ድካሙን ያጣል።

አሁን አሥራ አራተኛው ወር ላይ ነን። ባለፈው እሑድ ጎረቤት ሲያስቃት አፏን በእጇ አልሸፈነችም፤ ሽቦው እንዳለ እየታየ ሳቀች። ቆሎውን እኔ አርቄ አስቀምጬዋለሁ፤ ብረቱ ሲነሳ አብረን እንበላዋለን።