የመስቀል ወፍ አገሯን አትለቅም

መስቀል ሲቃረብ መርካቶ የምናውቃቸው ሱቆች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። አባቴም የሱቁን መዝጊያ ቆልፎ ይመጣል፤ እናቴ ቅቤውንና አዲሱን ልብስ ሸክፋ ትጠብቀዋለች፤ ከዚያ ልጅ አዋቂው ተሰብስቦ ወደ ወልቂጤ ነው። መንገዱ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ለእኛ ለልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው ጉዞ ነበር።

ስለ ጉራጌ መስቀል ሲወራ ሁሉም የሚያነሣው ክትፎውን፣ ደመራውን፣ የሽማግሌዎቹን ምርቃት ነው። እኔም እነዚህን እወዳለሁ። በ1980ዎቹ ካሳለፍኩት የልጅነት ዘመን ይበልጥ የማይረሳኝ ግን የእርዱ ማግስት ነው። በዚያ ቀን ጠዋት ወንድ አያታችን በትራቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ይቆሙና፣ «በሉ የከተማ ልጆች፣ ተነሡ! አገራችሁን ላሳያችሁ» ይሉናል። አባትና እናታችን፣ አክስቶቻችን፣ የአጎት ልጆች ሁሉ ተከትለናቸው እንወጣለን።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከደጃፍ ነው። የጉራጌ መንደር ቤቶች ጀፎረ በተባለው ሰፊ የሣር ጎዳና ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው ይቆማሉ። ጀፎረን ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም፤ ድንበሩን የሚያስከብረው ቂጫ የሚባለው የአባቶች ሕግ ነው። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ደመራውም እዚያው ነው። ለእኛ የኳስ ሜዳ ብቻ ይመስለን ነበር። አያታችን ግን እጃቸውን ዘርግተው ያስቆሙናል። ከፊታችን ጋጋኖዎች ቆልማማ ምንቃራቸውን እርጥቡ ሣር ውስጥ እየሰደዱ ትል ይለቅማሉ። «ቁርሳቸውን ይብሉ፤ በዳር ዙሩላቸው» ይላሉ። ያን ሁሉ ቤተሰብ፣ አዋቂውንም ጭምር፣ ለወፍ ብለው በዳር ሲያዞሩት ደስ ይለኝ ነበር። ከጉሮሮው ሥር ቆዳ የሚንጠለጠልበት ያ ጋጋኖ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር እንደማይገኝ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ አለ። ፀሐይ ከወጣ በኋላም እንኳ ውስጡ ደብዘዝ ያለና ቀዝቃዛ ነው። አያታችን ጎንበስ ብለው ቅጠሉ ከግንዱ የሚያያዝበትን ቦታ ያሳዩናል፤ እዚያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ አለ፤ ውሃው ውስጥም የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ነፍሳት። መሬቱ ላይ አዲስ የተገፋ አፈር ካዩ «ፍልፈል ናት» ይላሉ። ጃርት ሌሊት ገብታ ሥሩን የቆፈረችበትን ቦታም ያውቁታል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋልና ጃርት በአንድ ሌሊት የምታጠፋው የብዙ ዓመት ልፋት ነው። አያታችን ይህንን ሲነግሩን ይቆጫሉ፤ ሆኖም በየት እንደገባች፣ በየት እንደወጣች፣ ምን መርጣ እንደበላች ሲያስረዱ ድምፃቸው ውስጥ አድናቆት ነበር። ታላቅ እኅቴ አንድ ቀን ነጭና ጥቁር የሆነ የጃርት እሾህ አገኘች፤ አዲስ አበባ ድረስ ይዛው መጥታ ደብተሯ ውስጥ ለብዙ ጊዜ አኖረችው።

እንሰቱን አልፈን ወደ ማሳው ስንወጣ አደይ አበባው ዳገቱን ሞልቶታል። የመስቀል ወፍን የተዋወቅሁት እዚያ ነው። ቀይ ምንቃር፣ ነጭና ጥቁር ላባ፣ ከገላዋ የሚረዝም ጅራት ያላት ትንሽ ወፍ ከአጥሩ ተነሥታ፣ ጅራቷን እያወዛወዘች በአየር ላይ ቆም ትላለች። ታናሽ ወንድሜ አያታችንን እጃቸውን ይዞ፣ «አባባ፣ መስቀል ሲያልፍ የት ትሄዳለች?» አላቸው።

«የትም አትሄድ፤ ልብሷን ትለውጣለች እንጂ። በጋውን እዚሁ ከእኔ ጋር ናት። የምትሄዱትስ እናንተ ናችሁ» አሉት።

እውነታቸውን ነበር። ጌጡ የወንዱ ነው፤ በዝናቡ ወራት ሴቷን ለመማረክ ይለብሰዋል፤ ወራቱ ሲያልፍ ያ ረጅም ጅራት ይረግፍና እሱም እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ ከሌሎቹ ትናንሽ ወፎች ጋር ይቀላቀላል። ሰው በዓመት አንዴ ብቅ የሚለውን ዘመድ የመስቀል ወፍ ይለዋል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወፏን እንደ እንግዳ አይቻት አላውቅም። እሷ ባለአገር ናት፤ በዓመት አንዴ ብቅ የምንለው እኛ ነን።

አንድ ዓመት ደግሞ አጎቴ ሁላችንንም በጭነት መኪና አሳፍሮ ወደ ጊቤ ወንዝ ወሰደን። ወልቂጤ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የጅማውን መንገድ ይዞ ወደ ወንዙ ሲወረድ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ይጠጋል። በአጭር ጉዞ ውስጥ እንሰቱ ቀርቶ ግራር ተተካ፤ ሹራባችንን አወለቅን። ከወንዙ ራቅ ብለን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀመጥን፤ አባቴ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። መጀመሪያ ያየሁት ጆሮ ብቻ ነበር። ከዚያ ውሃው በኃይል ተነፈሰ፣ ጉማሬውም ራሱን ብቅ አደረገ። ቀኑን ውሃ ውስጥ የሚውለው ፀሐይ ቆዳውን እንዳያደርቀው ነው፤ ሲመሽ ወጥቶ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም ሣር ይግጣል። ማዶ ባለው የወንዝ ዳር ጫካ ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ይዘሉ ነበር፤ አንዷ እናት ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ግልገል አቅፋለች። የጉሬዛ ልጅ ነጭ ሆኖ እንደሚወለድ፣ ጥቁሩ ኋላ እንደሚመጣ የነገረን አጎቴ ነው።

ያ ሸለቆ ዱር ሆኖ የቆየበት ምክንያት አለው። ወባው ሰውን፣ ገንዲው ከብቱን ይጨርስ ስለነበር ደገኛው ለእርሻ አይደፍረውም ነበር። ኋላ፣ ገንዲን የሚያስተላልፈው ዝንብ መከላከያ ሲበጅለት፣ እርሻው ወደ ታች ወረደ፤ አውሬው የሚጠለልበትም ጠበበ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ መመሥረቱን ስሰማ የተደሰትኩት ለዚህ ነው። 360 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባለው በዚያ ፓርክ ዛሬም ጉማሬው፣ አጋዘኑ፣ ድኩላው፣ ዝንጀሮው፣ ጉሬዛው አለ።

በሌላ ዓመት ተራው የእናቴ ወገን ሆነና ቡታጅራ ሄድን። እዚያ ቀኑን የመራችን የእናቴ ታላቅ እኅት፣ እትዬ ናት። ከሁሉ አስቀድማ ከከተማው በላይ ያለውን የዘቢዳርን ተራራ አሳየችን። «በወዲህ የወረደው ዝናብ በመቂ አድርጎ ዝዋይ ይገባል፤ በወዲያ የወረደው ዋቤን ይዞ ጊቤ ይገባል» አለችን። እኔ ያየኋቸው ጉማሬዎች የሚኖሩበት ወንዝ ከዚሁ ተራራ ጀርባም ውሃ እንደሚያገኝ ሳስብ፣ የአባቴና የእናቴ አገር በአንድ ተራራ የተያያዘ መሆኑ ገባኝ። ጊቤም በኦሞ አልፎ ቱርካና ሐይቅ ድረስ ይዘልቃል።

ከሰዓት በኋላ ከቡታጅራ በስተደቡብ ወዳለው ሀረ ሸይጣን ሄድን። ምድር ውስጥ ያለው ትኩስ ቅልጥ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ፈንድቶ የፈጠረው ክብ ጉድጓድ ነው፤ ከታቹ አረንጓዴ ሐይቅ ተኝቷል። የተወረወረ ድንጋይ ውሃው ጋ አይደርስም ይባላል። ወንዶቹ ሁሉ ሞከሩ፤ የማንም ድንጋይ ሲያርፍ አልታየም። እትዬ ግን እኔን አጠገቧ አስቀምጣ ከገደሉ ወገብ የሚነሡትን ርግቦች አሳየችኝ። ሰው በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ጎጆ ሠርተዋል። ሰው የሚፈራው ቦታ ለእነሱ ሰላም ያለው ቤታቸው ነበር።

ዛሬ አያታችንም እትዬም የሉም። ጀፎረው በአንዳንድ መንደር በአጥር እየተገፋ ጠቧል፤ በእንሰቱም ቦታ ባሕር ዛፍና ጫት እየገባ ነው። ይህ ያሳስበኛል፤ ጀፎረው ሲጠብ የሚጠበው የሰው መንገድ ብቻ አይደለምና። ስለዚህ ልጆቼን የማወርሳቸው ያንን የማግስት ቀን ነው። ከመስቀል ውጭም እየወሰድኳቸው ነው፤ ሴት ልጄ የመስቀል ወፍን በየካቲት፣ ጌጧን አውልቃ ቡናማ በሆነችበት ጊዜ፣ ከድንቢጦቹ መካከል ለይታ ለማወቅ ትሞክራለች።

አገር ቤት የምትገቡ ወላጆች ሆይ፣ ከበዓሉ ቀናት አንዱን ለእግር ጉዞ ስጡት። ገንዘብ አይጠይቅም፤ መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እትዬ ይበቃሉ። እነሱ እያሉ ጠይቁ፣ ልጆቻችሁም ይስሙ፤ ነገ ጀፎረውን ከአጥር የሚከላከሉት እነዚህ ልጆች ናቸው።