በረሳ ዳር የቆጠርናቸው

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ስለ ብርድ እንጂ ስለ ወፍ ሲያወራ አይሰማም። ለእኛም ወፍ ማለት ገብስ የሚፈጅና ወንጭፍ የሚወነጨፍበት ነገር ሆኖ በቀረ ነበር፤ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ግን አንድ አሮጌ ባይኖኩላር ነበረው። ግራ ዐይኑ ሻግቶ በቀኙ ብቻ ነው የሚያሳየው። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ውርጩ ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ መስሎ ሳለ፣ ጋቢያችንን ተከናንበን በረሳ ወንዝ ዳር እንሰበሰባለን።

ቆጠራው ቀላል ነው፤ ዝምታው ነው የሚከብደው። አንድ ቦታ ላይ 10 ደቂቃ ያህል ትቆማለህ፤ በዓይን ያየኸውንም በጆሮ የሰማኸውንም ትጽፋለህ። ከዚያ ራቅ ብለህ እንደገና ትቆማለህ። ሰዓቱ፣ ደመናው፣ ነፋሱ፣ የወፉ ዓይነትና ብዛት ሁሉ ይመዘገባል። አንዱን ሁለቴ እንዳትቆጥር የበረረበትን አቅጣጫ ልብ ማለት አለብህ። መንገደኛው ቆም ብሎ «ልጆች፣ ምን ጠፋባችሁ?» ይለናል። «ወፍ እየቆጠርን ነው» ስንለው ያዘነልን ይመስል ነበር።

መጀመሪያ የለየነው ጋጋኖን ነው። እሱን ላለማወቅ ጆሮ ማጣት ያስፈልጋል፤ ገና ጎህ ሲቀድ ከማደሪያው ገደል ተነሥቶ እየጮኸ ከተማውን ያቋርጣል። ከሩቅ ጥቁር ነው። ተራዬ ደርሶ በቀኙ መስታወት ሳየው ግን ላባው ላይ አረንጓዴ ነገር ያብለጨልጫል፤ ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ አለበት፤ ከመንቁሩ ሥር ደግሞ ቀጭን ሥጋ ተንጠልጥላለች። መንቁሩን እየሰካ ትል ሲለቅም ያቺ ሥጋ ወዲያ ወዲህ ትወዛወዛለች። ቲቸር ይህን ወፍ ለሳይንስ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እንደሆነ ሲነግረን ሳቅን። በየማለዳው ቀስቅሶ ትምህርት ቤት ሲልከን የኖረውን ወፍ!

ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን ትልቁን ቁራም የመዘገበው ይኸው ሩፔል ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሥር የሚያድሩትን ባለ ነጭ አንገት እርግቦችም እንደዚሁ። ቁራውን ለማየት ቄራ አካባቢ መሄድ ይበቃል። ሥጋ ሲያጣ እበት ላይ ይቆምና በዚያ ወፍራም መንቁሩ ግራና ቀኝ እየጠረገ ይበትነዋል፤ ትሉን ይለቅምና ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንዲህ ደጃችን ላይ የሚንጎማለለው ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ መኖሪያ እንደሌለው ማን ነግሮን ያውቃል?

እኔ የወደድኩት ግን ዝዩን ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ረግረጉ ላይ ይግጣሉ። ላባቸው ለብርዱ የተሠራ ወፍራም ነው፤ አንገታቸውን ወደ ኋላ ቀልብሰው ጀርባቸው ላይ አስደግፈው ሲራመዱ የኮሩ ሽማግሌ ይመስላሉ። ሰማያዊው ክንፋቸው ካልበረሩ በደንብ አይታይም። በእኛ አገር የዱር ዝይ መብላት ስላልተለመደ ልብስ ከሚያጥቡት ሴቶች ብዙም አይሸሹም ነበር። በየጥቅምቱ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት፣ ጭራቸውን ሽቅብ ቁልቁል የሚያወዛውዙት ቢጫ ወፎች በከብቱ እግር መሃል ይርመሰመሳሉ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ግን ብዙ ወፍ አላገኘንም። ከተማችን በባሕር ዛፍ ያጌጠች ይመስላታል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጥቂት ጽድና ወይራ የሚያስተናግደውን ያህል ያ ሁሉ ደን አያስተናግድም።

ቲቸር አንኮበርን ሲያነሣ ድምፁ ይለወጥ ነበር። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን የመኪና ገንዘብ ከየት ይምጣ? እዚያ ገደል አፋፍ ላይ አንዲት ዥጉርጉር ቡናማ ወፍ አለች፤ መልኳ ምንም አይማርክም። አንኮበር የነገሥታት መቀመጫ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥተውበታል። ጣሊያናዊው ኦራሲዮ አንቲኖሪማ እዚያው አቅራቢያ ልጥ ማረፊያ ላይ ሰፍሮ ወፍ ሲሰበስብ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ሞተ። ወፊቱን ግን እ.ኤ.አ. በ1976 እንግሊዛዊው ጆን አሽ እስኪያገኛት ድረስ የመዘገባት አልነበረም። የአንኮበርን ስም ይዛ ቀረች፤ በኋላ ሰሜን ተራሮችም ላይ ታይታለች። ቲቸር ይህን የሚተርክልን እኛም አንድ ያልተመዘገበ ነገር እንድናገኝ ይመስለኛል።

ያገኘነው የመስቀልን ወፍ ነው፤ እሷም የታወቀች ናት። በእኛ ሰፈር በዚያ ስም የሚጠራው፣ በመስከረም ጥቁር ለብሶ ወገቡና ትከሻው ቢጫ ሆኖ ከሣሩ ላይ ቡር ቡር የሚለው ነበር። ከመስቀል በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ስንጠይቅ ቲቸር የትም አይሄድም አለን፤ ወንዱ የሠርግ ልብሱን አውልቆ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። አላመንነውም። በኅዳር አንድ ገብስ ማሳ ዳር ወሰደንና ድንቢጥ የሚመስል መንጋ አሳየን።

ማሳውን የሚጠብቁት አዛውንት ጅራፋቸውን እንደያዙ ቀረቡ። ቲቸር አክብሮ፣ «አባቴ፣ እነዚህን ያውቋቸዋል?» አላቸው።

«እንዴት አላውቃቸው፣ ልጄ? በመስከረም ያማሩት ናቸዋ! ያኔ ጌጣቸውን ያያል ሰው፤ አሁን እህሌን ሲበሉ የሚያያቸው እኔ ብቻ ነኝ።»

ቲቸር የቆጠራ ቅጹን አወጣና «አስተያየት» በሚለው ዓምድ የሳቸውን ቃል እንዳለ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ ማሳ ዳር ስንደርስ መጀመሪያ ባለማሳውን ሰላም እንላለን፣ ያየውን እንጠይቃለን፤ ባይኖኩላሩ ከቦርሳ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።